ማርሽን ከሻፍት በመዶሻ ሳይሆን በፑለር፦ የማኑዋል ካምቢዮ አፈታት

“አምስተኛ ማርሹ አልወጣ አለኝ። በመዶሻ ቀስ እያልኩ ባወጣው ምን ችግር አለው?”

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። አንዳንዱ ፎቶ ጭምር ይልካል። ካምቢዮው መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ከማርሹ ሥር ሁለት ካቻቪቴ ተሸጉጧል፣ አጠገቡ ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻ ተቀምጧል። ለእያንዳንዱ በቁርጥራጭ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው።

ምሳሌዬ የፊት ጎማዎቹን የሚነዳው የቶዮታ ኮሮላ ማኑዋል ካምቢዮ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ እሱ ነው። በዚህ ካምቢዮ አምስተኛ ማርሽ ከዋናው ሳጥን ውጭ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በላሜራ ክዳን ይሸፈናል። የቀሩት ማርሾች ውስጥ ናቸው። የሌላ መኪና ካምቢዮ አቀማመጡ ቢለይም የመሣሪያው አመራረጥ አንድ ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ። ማርሽ ሻፍቱን የሚጨብጠው በመሃሉ ነው። ስለዚህ የምትስቡበት ኃይል መሃሉ አጠገብ ማረፍ አለበት። ጥርሱ ላይ ያረፈ ኃይል ማርሹን ያጋድለዋል። የተጋደለ ማርሽ ደግሞ ሻፍቱን ይነክሳል። የቁምሳጥን መሳቢያ በአንድ ጥጉ ብቻ ስትጎትቱት እንደሚነክሰው ማለት ነው። በመታችሁት ቁጥር የሚብስበት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። የማርሽ ጥርስ ላዩ በሙቀት እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ነው። የመዶሻ ፊትም እንደዚያው። ጠንካራ ከጠንካራ ሲጋጭ አንዱ ይፈነጠራል። ፍንጣሪው ወይ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ወይ ካምቢዮ ውስጥ ይቀራል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ ሁለት እግርና ባለ ሦስት እግር ፑለር፤ ማርሹን በእግሮቹ ይዞ የመሃል ብሎኑ ሲጠብቅ ከሻፍቱ የሚስብ መሣሪያ ነው። ቦታ ካለ ሁልጊዜ ባለ ሦስቱ ይሻላል፣ አያጋድልም።
- ሴፓሬተር፤ ለሁለት የሚከፈል፣ በሁለት ብሎን የሚጠብቅ ወፍራም ሳህን ነው። ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ከማርሽና ከኩሺኔታ ሥር ይገባል።
- የስናፕ ሪንግ (ሻፍቱ ላይ ባለ ጉድጓድ ገብቶ ዕቃ የሚይዝ ክፍት ቀለበት) ፒንሳ፣ የሚከፍትም የሚዘጋም። ጆሮ ለሌለው ቀለበት ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ያዙ።
- ከ10 እስከ 20 ቶን ፕሬስ። ከሌላችሁ ሻፍቱን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት መሄድ ይቻላል።
- የፒን ማውጫ ፑንች፣ 5፣ 6 እና 8 ሚሊ ሜትር።
- የነሐስ ዘንግና የፕላስቲክ መዶሻ።
- ትንሽ መሮ።
- ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት፣ ከረጅም ክንድ ጋር። ባለ አሥራ ሁለቱ የጠበቀ ዳዶ ጥግ ይበላል።
- ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ ብረቶች) እና ቶርክ መፍቻ (የምታጠብቁበትን ኃይል የሚለካ)።
- ማግኔት፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የማይለቅ ቀለም፣ ስልክ ለፎቶ።
- መከላከያ መነጽርና የቆዳ ጓንት።
- ለማጠቢያ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ። ቤንዚን አይሆንም፤ እንፋሎቱ ከሩቅ እሳት ይስባል።

ፑለር ውድ ነው የምትሉኝ አላችሁ። አዎ ነው። ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የአንድ ማርሽ ዋጋ ጠይቁና አወዳድሩ። ከምናለሽ ተራ ሁለተኛ እጅ ብትገዙም ችግር የለውም፤ ብቻ ሁለት ነገር እዩ። የመሃል ብሎኑን ጥርስ በጥፍራችሁ ዳብሱት፣ ከተበላ ተዉት። የእግሮቹን መንጠቆ እዩ፣ ጫፉ ክብ ከሆነ በጭነት ይንሸራተታል።

አሠራር

1. ዘይቱን አፍስሱ፤ ግን የመሙያውን ብሎን አስቀድማችሁ ፍቱ።

የማፍሰሻውን ፈትታችሁ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የመሙያው እምቢ ቢል ዘይት የሌለው ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉት። የማፍሰሻ ብሎኑ ማግኔት ካለው ጫፉን አብሱና በጣታችሁ አሹት። ግራጫ እንደ ግራሶ ያለ ልቅላቂ ከሆነ የተለመደ ነው። ጣት የሚወጋ ቁራጭ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሺኔታ ተሰብሯልና ከመፍታታችሁ በፊት የምትፈልጉትን አወቃችሁ ማለት ነው።

2. ውጭውን እጠቡ።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ሳይከፈት እጠቡት። በክዳኑ ዙሪያ የተጋገረ አሸዋ ሲከፈት ቀጥታ ኩሺኔታ ላይ ይወድቃል። ካምቢዮውን ብቻችሁን አታንሱ። ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ድጋፍ አድርጉለት።

3. ፎቶ አንሡ፣ ምልክት አድርጉ።

ክዳኑ ሲነሣ ምንም ሳትነኩ ከሦስት አቅጣጫ አንሡት። የአምስተኛውን ሃብ (ከሻፍቱ ጋር የሚዞረውን መሃል) እና በሃቡ ላይ ተንሸራቶ ማርሹን የሚያስገባውን እጅጌ ፊት በቀለም ነጥብ አድርጉ። ሃብ ተገልብጦ ቢገባ ብዙ ጊዜ በደንብ ይገባል፤ ማርሹ ግን አይገባም፣ ወይም እየዘለለ ይወጣል። አንዴ ነጥብ ሳላደርግ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ መኪናው ላይ ሰቅዬ፣ እንደገና አወረድኩት። ሁለት ሙሉ ቀን ነው የሄደብኝ።

4. እጅጌውን የሚገፋውን ሹካ የያዘውን ፒን ወይም ብሎን አውጡ።

ፒን ከሆነ ልክ የሆነ ፑንች ያዙ። ከቀዳዳው በጥቂቱ የሚያንስ ማለት ነው። ሚስማር አይሆንም። ሚስማር ይታጠፋል፣ የፒኑን አፍ ይከፍታል፣ ከዚያ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሪቬት ይቀራል። በተቃራኒው በኩል ሹካውን በእንጨት ደግፉት፤ ካልተደገፈ ምቱ ሹካውን ያጣምማል።

ትንንሽ ኳሶችና ሞላዎች የሚወጡት በዚህ አካባቢ ነው። መሰኪያ ብሎናቸውን ስትፈቱ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ አድርጉ፣ ኳሱን በማግኔት ሳቡት። ሞላዎቹ ቁመታቸው ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱን ከነኳሱ በየራሱ የካርቶን ጉድጓድ አስቀምጡ።

5. ዳዶውን ፍቱ።

በሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ ከንፈሩ ወደ ሻፍቱ ጉድጓድ ተመትቶ የተቆለፈ ነው። መጀመሪያ ያንን ከንፈር በትንሽ መሮ ወደ ውጭ አንሡት። መሮው የሻፍቱን ጥርስ እንዳይነካ አጋድማችሁ ያዙት። ከንፈሩን ሳያነሱ በኃይል የሚፈቱ አሉ፤ ከንፈሩ የሻፍቱን ጥርስ እየላጨ ይወጣል። ሻፍት የሚቀየረው በዚህ ስንፍና ነው።

ሻፍቱ እንዳይዞር ሁለት ማርሽ አንድ ላይ አስገቡ። የአምስተኛውን እጅጌ በእጅ ገፍታችሁ አስገቡት፣ በመምረጫው ደግሞ ሌላ ማርሽ አስገቡ። ሁለቱ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ሻፍቱ ይቆማል። በማርሽ ጥርስ መሃል ካቻቪቴ መሸጎጥ፣ ወይም ሻፍቱን ያለ እንጨት በሞርሳ መያዝ አያስፈልግም።

ከመፍታታችሁ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ እዩ። በአንዳንድ ካምቢዮ የዳዶው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። አዙራችሁ ካጠበቃችሁት በኋላ ብታውቁት ረፍዷል።

ዳዶው ከወጣ በኋላ አትመልሱት። ከንፈሩ አንዴ ታጥፎ ተነሥቷልና ደግሞ ሲመታ ይሰነጠቃል። አዲስ ግዙ።

6. ከመሳባችሁ በፊት ለኩ።

ብዙዎች ይህችን ይዘሏታል። በማርሹና በሲንክሮ ቀለበቱ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው የነሐስ ቀለበት) መሃል ያለውን ክፍተት ቀለበቱን በጣት ጫን ብላችሁ በፊለር ጌጅ ለኩ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ክፍተቱ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀለበቱ አልቋል። ማርሽ ሲገባ “ክርር” የሚልባችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሳትለኩ ከፈታችሁ ምኑ እንደተበላሸ ሳታውቁ ትገጥማላችሁ።

7. ስናፕ ሪንጉን አውጡ።

መነጽር አድርጉ። ይህን እንደ ምክር አትውሰዱት። ስናፕ ሪንግ ሲፈናጠር ዓይን አያየውም፤ ወደ የት እንደሄደ የምታውቁት ግድግዳው ሲጮህ ነው።

ቀለበቱን ሻፍቱ ላይ ለማለፍ በሚበቃ መጠን ብቻ ክፈቱት። ከመጠን በላይ የተከፈተ ቀለበት ወደ ቦታው ሲመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ይላላል፤ በቀላሉ በጣት ከዞረ ቀይሩት። ጆሮ የሌለውን በሁለት ካቻቪቴ መታ መታ አድርጎ ማውጣት ይቻላል፣ መመሪያ መጻሕፍትም ይፈቅዱታል፤ ግን ሌላ ሰው በሌላ በኩል ጨርቅ ይያዝ።

ቀለበቶች ውፍረታቸው ይለያያል። ማርሹ በሻፍቱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ልቀት የሚወስነው ውፍረታቸው ስለሆነ እያንዳንዱ የየትኛው ቦታ እንደሆነ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

8. ፑለሩን ግጠሙ።

የሥራው እምብርት እዚህ ነው፣ ቀስ በሉ።

ሀ. መጀመሪያ ምንም የሚይዘው እንደሌለ በእጅ ባትሪ እዩ። የቀረ ስናፕ ሪንግ፣ ያልተፈታ የኩሺኔታ መያዣ ሳህን፣ በግራሶ የተሸፈነ ፒን ሊኖር ይችላል። እስካሁን “አልወጣ አለ” ብለው ካመጡልኝ አብዛኞቹን ይዞ የተገኘው ዝገት ሳይሆን ያልተፈታ ነገር ነው።

ለ. እግሮቹን ከማርሹ ወፍራም አካል ሥር፣ ወደ መሃሉ በተቻለ መጠን አስጠጉ። ከጥርሱ ጠርዝ ሥር ብቻ የሚገባ ከሆነ ተዉትና ሴፓሬተሩን ተጠቀሙ። ሴፓሬተሩ ዙሪያውን እኩል ይደግፋል፣ ፑለሩ ደግሞ ሴፓሬተሩን ይስባል። ጥርስ የሚሰበረው እግር ጥርስ ላይ ሲንጠለጠል ነው።

ሐ. የሻፍቱን ጫፍ ጠብቁ። የፑለሩ ብሎን ሹል ጫፍ የሻፍቱን አፍ ያሳብጠዋል፤ ያበጠ አፍ ደግሞ ማርሹን አያሳልፍም፣ አዲሱንም ዳዶ አያስገባም። በመሃላቸው ከሻፍቱ ጥርስ የምታንስ የነሐስ ወይም ለስላሳ ብረት ቁራጭ አድርጉ።

መ. የብሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀቡ። በደረቁ ግማሽ ጉልበታችሁ ብረት በብረት ሲፋቅ ያልቃል።

ሠ. በእጅ መፍቻ አጥብቁ። የአየር መፍቻ አታስጠጉ። የአየር መፍቻ ምን ያህል እየጫናችሁ እንደሆነ አይነግራችሁም፤ እጅ ግን ይሰማል። ሩብ ዙር እያላችሁ አቁሙና ፑለሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ። አንዱ እግር ከተንሸራተተ ፍቱና እንደገና ግጠሙ።

ረ. ብሎኑ ተወጥሮ ማርሹ ካልነቃነቀ ኃይል አትጨምሩ። በውጥረቱ ተዉትና የብሎኑን ራስ በመዶሻ አንዴ ጠንቀቅ ብላችሁ ምቱት። ማርሽ ሲሳብ መዶሻ የተፈቀደችው እዚህ ብቻ ናት፤ የምትመቱት ፑለሩን እንጂ ማርሹን አይደለም። ብዙ ጊዜ “ጧ” ይላል፤ ያ ድምፅ የለቀቀበት ነው። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ሲቀል ይሰማችኋል።

ሰ. አሁንም እምቢ ካለ ማርሹን በሙቅ አየር መሣሪያ ዙሪያውን እኩል አሙቁ። ሻፍቱ ሳይሞቅ ማርሹ ሲሰፋ ይለቃል። የብየዳ እሳት አታስጠጉ። ብረቱ ወደ 220 ዲግሪ ሲደርስ ገለባ መሰል ቢጫ ቀለም ይይዛል፣ ወደ 300 ሲቃረብ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነ ጥርስ ጥንካሬው ሄዷል፤ ቢገጠምም በአጭር ጊዜ ይበላል። ቢጫ እንኳ መታየት የለበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ በተወጠረ ፑለር ፊት ለፊት አትቁሙ። ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጉበት። የፑለር እግር ሲሰበር እንደ ወንጭፍ ነው።

9. ውስጠኞቹን ማርሾች በፕሬስ አውጡ።

ሳጥኑ ተከፍቶ ሻፍቱ ከወጣ በኋላ የተደረደሩትን ማርሾች የሚለየው ፕሬስ ነው። ሴፓሬተሩን ልታወጡት ከፈለጋችሁት ማርሽ ሥር አስገቡ፣ በፕሬሱ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ የሻፍቱን አፍ ከላይ ግፉ። ሁለት ማርሽና ኩሺኔታ አንድ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። ስለዚህ ከሥር የያዛችሁት ትክክለኛውን መሆኑን አረጋግጡ። በስሕተት የሲንክሮ ቀለበት ላይ ከተደገፈ ነሐሱ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል።

ሻፍቱ ድንገት ስለሚለቅ በአሮጌ ጎማ ላይ የሚወድቅበት ይመቻች። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ሻፍት ጫፉ ያብጣል። የፕሬሱ መለኪያ እየወጣ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ልቀቁትና ወደ 8ሀ ተመለሱ።

እጅ በጭነት ሥር አይገባም። “ትንሽ ላስተካክለው” የሚባለው ሁሉ ፕሬሱ ከተለቀቀ በኋላ ይስተካከላል።

10. ኩሺኔታን በውስጠኛው ቀለበቱ ሳቡ።

ኩሺኔታው ሻፍቱን የጨበጠው በውስጠኛው ቀለበት ነው። በውጭኛው ከተሳበ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ኳሶቹም መንገዳቸው ላይ ጉድጓድ ይተዋሉ። በዓይን ላይታይ ይችላል። ገጥማችሁ በ60 ስትነዱ ግን “ዉዉዉ” ይላል። በውጭኛው ቀለበት ብቻ መሳብ ግድ ከሆነባችሁ ያ ኩሺኔታ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚጣል ነው።

አዲሱን ስትገጥሙ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ በዘይት ውስጥ አሙቁት፣ በራሱ ይንሸራተታል። ከ120 አታሳልፉት። ሙቀት መለኪያ ከሌላችሁ አታሙቁ፣ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ልኩ በሆነ ቧንቧ በፕሬስ አስገቡት።

11. በወጣበት ተራ ደርድሩ።

ንጹሕ ጨርቅ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ። እያንዳንዱ ሲንክሮ ቀለበት ከራሱ ማርሽ ጋር በሽቦ ይታሰር፤ አብረው ተፋቅተው ስለተላመዱ ቢቀያየሩ መያዣቸው ይለወጣል። ሮንዴላና ስፔሰር የትኛው ፊቱ ወዴት እንደነበረ ፎቶ ይኑራችሁ።

ተደጋግመው የሚመጡ ስሕተቶች

ትልቁን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ተለማማጅ ሳለሁ አንድ አምስተኛ ማርሽ በብረት መዶሻ አወጣሁ። ወጣ። ተደሰትኩ። ባለመኪናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ማርሹ ሲገባ ይጮሃል። የማፍሰሻ ብሎኑን ስንፈታ ማግኔቱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ አንድ ጎኗ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ተጣብቃለች። ማርሹን ስናየው ከአንድ ጥርስ ጠርዝ ላይ ልክ ያቺን የምታህል ጎድላለች። እኔ የመታሁበት ቦታ ነበር።

ሌሎቹ አጭር ናቸው። ሁለት ካቻቪቴ ከማርሹ ሥር አስገብቶ መፈልቀቅ፤ ሳጥኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ካቻቪቴው የተደገፈበት ቦታ ይጎደጎዳል፣ ከዚያ ዘይት ያነጥባል። ባለ ሁለት እግር ፑለር በሦስት እግር ቦታ መጠቀም። የሳጥኑን ሁለት ግማሽ በመሮ መክፈት፤ ይልቅ ለመክፈቻ የተተወውን ጆሮ ፈልጋችሁ በፕላስቲክ መዶሻ ምቱ። አዲሱን ዳዶ በግምት ማጥበቅም አለ። የመኪናችሁን ቁጥር ከመመሪያው አውጡ፣ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ፣ ከዚያ ከንፈሩን ወደ ጉድጓዱ ምቱት።

ካምቢዮው ሳይወርድ አምስተኛውን ማውጣት ይቻላል?

ይህችም ጥያቄ አትቀርም። በኮሮላው ይቻላል፣ ክዳኑ በግራ ጎማ በኩል ስለሆነ። ጎማው ይወጣል፣ ካምቢዮው ከሥር በክሪክ ይደገፋል፣ እንደ ሁኔታው የግራው መያዣ ተፈትቶ ካምቢዮው ጥቂት ዝቅ ይላል። ከዚያ ዘይቱ ፈስሶ የክዳኑ ዙሪያ ከጸዳ በኋላ ከ3 እስከ 8 ያለው እንዳለ ይሠራል። መኪናው ግን በክሪክ ብቻ አይቆምም፤ ሁለት መደገፊያ እግር ከሻሲው ሥር ይግባ። ፑለሩ ሲወጠር መኪናው ይነቀነቃልና።